ኦቦ ቶሎሳና የማያስተኛው ክኒን

የፋርማሲ ትምህርቴን ጨርሼ ካቺሲ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ የጀመርሁበት ዕለት የገበያ ቀን ነበረ፤ ወይም እኔ እንዲያ አስታውሰዋለሁ። የቤቱ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ነጩን ጋዋን ሰጡኝና፣ «እዚህ ሁሉም ዶክተር ይልሃል። አትከራከር፤ ግን አትመን» አሉኝ።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት ዝናቡ አቁሞ ሜዳው በአበባ በተሸፈነበት ሰሞን ነው። ንብ አናቢ ናቸው፤ ቀፎዎቻቸው ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቀላሉ። በዚያ ወራት አፍንጫቸው ይፈስሳል፣ ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል። ይወስዱት የነበረውን የክሎርፌኒራሚን የአለርጂ ክኒን ባዶ ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ ጣሉልኝ።

«ዶክተር፣ ይኼ ያስተኛል። ዛፍ ላይ ሆኜ ካንቀላፋሁ ንቡ ሳይደርስብኝ መሬቱ ይገድለኛል።»

ሎራታዲን የሚባል ሌላ የአለርጂ ክኒን አወጣሁ። የጉበት ሕመም እንዳለባቸው፣ ሌላ መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠየቅሁ፤ የለም አሉ።

«በቀን አንድ ፍሬ ብቻ። ብዙ ሰው አያስተኛም፤ ቢሆንም መጀመሪያ መሬት ላይ ሆነው ይሞክሩት።»

«መሬት ላይማ ብተኛስ የት እወድቃለሁ?» ብለው ሳቁ።

ከሳምንት በኋላ ሊያመሰግኑ መጡ። ከሽምብራ የምታንስ ፍሬ አፍንጫን አድርቃ አእምሮን ሳትነካ ማለፏ፣ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስደነቀኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ደግፈዋቸው ገቡ። ኦቦ ቶሎሳን ንብ አንገታቸው ላይ ነድፏቸዋል። ከንፈራቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ጎርንኗል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል።

«ከዚያ ከማያስተኛው ክኒን ሦስት ውጧል» አሉኝ አዴ ጫልቱ። «አራተኛውን ስጠኝና ይተወዋል። እንቅልፍ እንኳ የማያመጣ ምን ይጎዳል?»

ጋሽ ታደሰ መልስ እስክሰጥ አልጠበቁም። «ያዝ በዚያ በኩል!» አሉኝ። ተሸክመናቸው ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሮጥን። ነርሷ አንድ ጊዜ አየቻቸውና አስተኛቻቸው፤ ትንፋሽ የሚከፍተውን የአድሬናሊን መርፌ ጭናቸው ላይ ወጋቻቸው።

መጽሐፍ ላይ ደጋግሜ ያነበብሁትን በዓይኔ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ፉጨቱ ቀጠነ፤ ጠፋ። ደረታቸው ሞልቶ ወረደ፤ ደግሞም ሞላ። አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር አላውቅም። የሰው ትንፋሽ ሲመለስ ቆሞ ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ እስከ ዛሬ በሚገባ መናገር አልቻልሁም።

አዴ ጫልቱ «ገለታ ዋቃ!» እያሉ ፈጣሪን አመሰገኑ። ኦቦ ቶሎሳ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ማሩን ማን እየጠበቀው ነው?» አሉ።

«ንቦችህ!» አሉ ሚስቲቱ፤ እያለቀሱ ሳቁ።

እብጠቱ ሊመለስ ስለሚችል ቀኑን ሙሉ እዚያው በክትትል ዋሉ። ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ጉሮሮ ካበጠ ክኒኑን አይጠብቁ ብዬ ነግሬዎት ነበር?»

ጥቂት አሰቡ። «አንተ የነገርኸኝ ስለ እንቅልፍ ነው። እኔም የጠየቅሁህ እሱኑ ነው።»

ክኒኑን የሰጠኋቸውን ቀን ሳስብ፣ ስለ ጉሮሮ እብጠት ስመክራቸው የራሴ ድምፅ ይሰማኛል። ነገር ግን ያ ድምፅ ከዚያ ወዲህ በጉደርና በአምቦ መድኃኒት ቤቶች ለሌሎች ስናገር የኖርሁት ሊሆን ይችላል። የማምነው የእሳቸውን ትዝታ ነው።

ሎራታዲን ማስነጠስንና ማሳከክን ለማስታገስ ነው፤ በቀን አንድ ፍሬ። አያስተኛም ተብሎ አይደራረብም። ከንፈር ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ይህን አሁን ሳልጠየቅ እናገራለሁ።