አረቄ የጠጣችው መኪና

የንስሐ አባቴ አረቄ የገዘቱኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቃላቸው አጭር ነበር፤ «ከዛሬ ጀምሮ አረቄ እንዳትነካ፤ ገዝቼሃለሁ» አሉኝ። አልነካሁም። ሠርግ ቤትም ተዝካር ቤትም መለኪያው ሲዞር እጄን ኪሴ ከትቼ እቀመጥ ነበር። ይህን የምናገረው ጻድቅ ለመባል አይደለም፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ «እንዳትነካ» ከምትለው ቃል ስለተነሣ ነው።

ሹፌር ነኝ። አሮጌ ባለቱርቦ ፒካፕ አለችኝ፤ ከአርብ ገበያ ንፋስ መውጫ ሰውም እህልም አመላልስባታለሁ። ዳገት ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። መካኒኩ እንዳስረዳኝ፣ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ጉልበት አይሰጥም። ያን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚሉት ነው፤ ራዲያተር የሚመስል፣ ከቦኔቱ ሥር ሞተሩ ላይ የተጋደመ ነገር። እኔም ስልኬ ላይ ያየሁትን ቪዲዮ ተከትዬ የመስታወት ማጠቢያ ፓምፕና ቀጭን የጎማ ቱቦ ገጠምሁላት። ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ስጫን ኢንተርኩለሩ ላይ ውኃ ይረጫል፤ መኪናዋም ነፍስ ትዘራለች።

ችግሩ የሚረጨው ፈሳሽ ነበር። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። የወንዝ ውኃ መርጫዋን በደለል ደፈነብኝ። የባትሪ ውኃ ደህና ነበር፣ ግን በፈለጉት ቀን አይገኝም። መካኒኩ «ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውኃ አጠራቅም፤ ሌላ ነገር አትፈላሰፍ» አለኝ። እኔ ግን አልኮል ከውኃ ይልቅ ቶሎ እየተነነ አብልጦ እንደሚያቀዘቅዝ ቪዲዮው ላይ ሰምቻለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አልኮል ደግሞ እኛ አገር ምን ጠፍቶ! መካኒኩ «የጋለ ቱርቦ ላይ አረቄ ይረጫል? እሳት ይበላሃል!» ብሎ ቢጮህብኝም አልሰማሁትም።

ግዝቱስ? አስቤበታለሁ። አረቄ ሻጯ ራሷ አምጥታ፣ ራሷ ክዳኑን ከፍታ፣ ከውኃው ጋር እኩል አድርጋ ማጠራቀሚያው ውስጥ እንድትገለብጠው አደረግሁ። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። አንዲት ጠብታ እጄን አልነካችም። በብልጠቴ ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ።

ከዚያ በሳምንቱ፣ ዓርብ ቀን፣ እህቴን ምጥ አጣደፋት። አዋላጇ አይታት ፊቷ ተለወጠ፤ «ልጁ እግሩን አስቀድሟል። አሁኑኑ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን» አለችኝ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ባሏ ለአጨዳ ቆላ ወርዷል። ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፣ ጎረቤታችን ራሷን ታቅፋ ተቀመጠች። የንስሐ አባታችን ጠበል በሃይላንድ ይዘው መጥተው ነበር፤ እህቴ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና «አባ ከፊት ይቀመጡልኝ» ብላ ለመነቻቸው። ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። በአህያና በሰው መካከል ጡሩንባ እየነፋሁ፣ እየተሳደብሁም ጭምር፣ ዳገቱ ሥር ደረስሁ። መኪናዋ ማቃሰት ስትጀምር ቁልፏን ተጫንሁ። ጉልበቷ ተመለሰ፤ የአረቄው ሽታ ግን በአየር ማስገቢያው ገብቶ ጋቢናውን ሞላው። አባ የሚደግሙትን አቋርጠው አዩኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አፍሬ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልሁ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። መስኮቱን ስከፍት ሽታው ፊቱን መታው። እጁን አስገብቶ የመኪናውን ቁልፍ ነቀለ።

«ውረድ!»

«ወላድ ይዣለሁ! እህቴ ናት!»

«ለዚያ ነው ውረድ የምልህ። ገደል ልትከታት ነው? ሌላ ሹፌር እንፈልግላታለን።»

«አልጠጣሁም! የጠጣችው መኪናዋ ናት!»

ይህን የተናገርሁት እኔው ራሴ ነኝ። ከሰካራም በቀር ማን እንዲህ ይላል? ፖሊሱ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔም ደሜ ፈልቶ እጁን ያዝሁት፤ ይባስ ብሎ ተቆጣ። ከኋላ እህቴ ጮኸች። ጎረቤታችን «ኧረ በእመብርሃን፣ ደም እየፈሰሳት ነው!» ስትል እጁን ለቀቅሁት።

ፖሊሱ ወደ አባ ዞረ። «አባታችን፣ እርስዎ አይዋሹም። ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም?»

አባ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሲጠጣ አላየሁም» አሉ በመጨረሻ። «አልጠጣም ብዬ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ የታገልሁት ነገር በአንድ ቃል አፈር የገባ መሰለኝ። ፖሊሱ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ና ወዲህ» አሉኝ። «እፍ በልብኝ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ጸሎት አድርሰው እፍ የሚሉብኝ እሳቸው ናቸው። እኔ በእሳቸው ላይ ልተነፍስ? እፍ አልሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱኝ።

«የጾም አፍ ነው» አሉ ወደ ፖሊሱ ዞረው። «ዛሬ ዓርብ አይደል? እህል ውኃ አልቀመሰም። ስንት ሰካራም አናዝዣለሁ ልጄ፣ የጠጣ ሰው አፍ እንዲህ አይደለም። ካላመንኸኝ ራስህ አሽትተው።»

ፖሊሱ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። ቦኔቱን ከፍቼ ቱቦውንና የፈሳሹን ማጠራቀሚያ አሳየሁት። ጣቱን ነክሮ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ራሱን ነቀነቀ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለ።

«ድፋው!» አሉኝ አባ።

ማጠራቀሚያውን ነቅዬ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። ስቸኩል እስከ ክርኔ ራስሁ። ፖሊሱ እጁን የሚታጠብበትን ጀሪካን ሮጦ አመጣልኝ፤ የዝናብ ውኃ ነበር። ቁልፌን መልሶልኝ በሞተር ሳይክሉ ፊት ፊቴ እየነዳ አህዮቹን አስለቀቀልኝ። መኪናዋም በዝናብ ውኃ ዳገቱን ወጣች፤ ከአረቄው ምንም ልዩነት አላየሁበትም። መካኒኩ ልክ መሆኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እህቴን እንደደረስን ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት። አባና እኔ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ነርሷ ወጥታ «ሴት ልጅ ናት፤ እናትየዋም ደህና ናት» ስትለን እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አባ እስክጨርስ ጠብቀው «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ መኪናህም ተገዝታለች» አሉኝ።

«ማን ገዛት አባ? እኔ ልሸጣት አላሰብሁም።»

«እኔ ነኝ የገዘትኋት!» ብለው ሳቁ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሲገዝትም ሰምና ወርቅ አያጣም። ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡ። «አንተስ?»

«እኔማ አልነካሁም፤ ሴትዮዋ ናት የገለበጠችው…»

«እጅህን አሽትት።»

አሸተትሁ። ደርቆም ይሸታል። አርባ ስግደት አዘዙኝ፤ አልተከራከርሁም።

አሥር ሰዓት ገደማ እህቴን እንዳያት ፈቀዱልኝ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ልጅቷ ጎኗ ተኝታለች። እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝና «እኔ እኮ አልጠጣሁም ነበር» አልኋት።

«ሰማሁ፤ አሁን ነገሩኝ» አለች ድምፅዋ እየሰለለ። «ስታስገቡኝ ግን መኪናው ውስጥ አረቄ ሸቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሌላ መኪና አልነበረማ፣ ወንድሜ።» ልጅቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ለዚያ እኮ ነው አባን ከጎንህ ያስቀመጥኋቸው።»

እኔ እንዲጸልዩላት መስሎኝ ነበር።