እትዬ ጀማነሽና በሕይወት ያሉት የተከበሩ

መጀመሪያ ያየሁት ዳንቴሉን ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ከፈረሰው ሰፈር ተርፎ በሁለት አዳዲስ ሰፋፊ መንገዶች መካከል እንደ ተረሳ ዕቃ የቀረ አንድ ግቢ አለ። እዚያ ክፍል ተከራይቼ የገባሁ ለት፣ ከፊት ለፊቴ ባለው ቤት በር አጠገብ አንድ ሜጋፎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። አፉ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል። ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ አይቻለሁ፤ ሶፋም፣ አንድ ጊዜ ፍሪጅም። ሜጋፎን ለብሶ ሳይ ግን ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠርዙ ላይ በእጅ የተሠሩ ትናንሽ አበቦች አሉበት። ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ያፈጥሃል? ተኝቷል፤ አትቀስቅሰው» አሉ አንዲት ሴት ከውስጥ።

እትዬ ጀማነሽ ነበሩ፣ የሰፈሩ እድር ለፋፊ። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሲቀድ ዳንቴሉን ያነሳሉ። ከዚያ በየመንገዱ እየዞሩ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብለው የሟቹን ስምና የሚቀበርበትን ቦታ ይናገራሉ። የግቢያችን ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት ሰማዩን አያይም፤ ዳንቴሉን ነው የሚያየው። ዳንቴሉ በቦታው ካለ ሰፈሩ አድሯል ማለት ነው።

ሥራውን የወረሱት ከባላቸው ነው። አቶ ተከስተ ዕድሜ ልካቸውን የእድሩን ጥሩምባ ሲነፉ ኖረው አንድ ሌሊት እሳቸውም ሞቱ። የእድሩ ሰዎች ግራ ገባቸው፤ የጥሩምባ ነፊውን ሞት ማን ይንፋ? እነሱ ሲከራከሩ እትዬ ጀማነሽ ከለቅሶው መሀል ተነሥተው ጥሩምባውን ከግድግዳ አወረዱና ወጡ። የገዛ ባላቸውን ሞት በገዛ አፋቸው ለፈፉ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሴት እንዴት ትለፍፋለች ያለ የለም፤ ቢኖርም ድምፃቸውን ሰምቶ ሐሳቡን ውጦታል። ኋላ እድሩ ሜጋፎን ሲገዛ ጥሩምባው አልጋ ሥር ገባ።

«እኔ ምን አለኝ?» ይሉኝ ነበር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን። «ቤቱ የቀበሌ ነው። ጉልበቴን ሪህ ወስዶታል። አንዲት ነገር አለችኝ፤ ስጣራ ሰው ይወጣል። በቃ። እሷ የጠፋች ቀን እኔም አብሬ ሄጃለሁ።»

አሁን ወደ ተከበሩት ልምጣ።

የተከበሩ አቶ ፍሬአብ በምክር ቤት የኛ ተወካይ ናቸው። ቴሌግራም ላይ «ከተወካይዎ ጋር» የሚል ቻናል አላቸው፤ በየቀኑ ለነዋሪው ወቅታዊ መረጃ ይለቀቅበታል። በፎቶው ሁሉ ጣታቸውን ወደ አንድ ነገር ቀስረዋል፤ ወደ ቦይ፣ ወደ መብራት እንጨት፣ ወደ ችግኝ። ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች ጣቱ ያመለከተውን በአድናቆት ያያሉ፣ ቦይ ዕድሜያቸውን አይተው የማያውቁ ይመስል። ጽሑፉ ሁልጊዜ በ«ተችሏል» ያልቃል። «ቦዩን መጎብኘት ተችሏል።» «በጉዳዩ ላይ መወያየት ተችሏል።» ማን እንደቻለ አይታወቅም። ዩኒቨርሲቲ አራቱንም ዓመት ያጠናሁት አማርኛ ነው፤ ባለቤት የሌለው፣ ሥራ የሌለው፣ ግን የተፈጸመ ግስ ሳይ ያም ሆኖ ከመገረም አልዳንኩም።

ችግሩ ቻናሉን የሚያነብ አለመኖሩ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ሄኒ የምትባል የተከበሩት ጸሐፊ፣ ታብሌት አቅፋ፣ ነጭ ስኒከሯን ከግቢያችን ጭቃ እያዳነች መጣች።

«እትዬ፣ ማለቴ፣ ፖስት እናደርጋለን፤ ግን ሪች የለውም። ኢንጌጅመንቱ ዜሮ ነው።»

«ኢንጌ… ምን?»

«ማለቴ፣ ሰው አይሰማንም።»

«እሱንማ በአማርኛ ብትዪው መች ይጠፋኛል።»

ሄኒ የምትፈልገው የተከበሩትን መረጃ እትዬ ጀማነሽ ጠዋት ጠዋት በሜጋፎን እንዲያሰሙላት ነው። እትዬ እንቢ አሉ። «ይሄ ድምፅ የሬሳ ነው፣ ልጄ። ለቁም ሰው አይሆንም።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ሃይላይ ግን ሰምተው ሮጠው መጡ። አቶ ሃይላይ በስብሰባ ላይ ከባለሥልጣን ጎን መቀመጥ የሚወዱ፣ ወንበሩ ከተያዘም ቆመው የሚጠብቁ ሰው ናቸው።

«ጀማነሽ፣ እንዴት እንቢ ትያለሽ? የባትሪ ድንጋይ በካርቶን ይልኩልናል እኮ!»

እዚህ ላይ እትዬ ዞር ብለው ሜጋፎኑን አዩት። ሜጋፎኑ ባትሪ ይበላል፤ እድሩ ደግሞ ባትሪ መግዛት ሁልጊዜ ይረሳል። አንድ ጊዜ «አቶ ተ…» ብሎ መሀል ላይ ጠፍቶባቸው፣ የተወልደም የተስፋዬም የተፈራም ሚስቶች ባሎቻቸውን እየነቀነቁ ሲያረጋግጡ ነበር ያረፈዱት። ይህ እንዳይደገም ብለው እሺ አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዳንቴሉ ተነሣ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አሉ እትዬ ጀማነሽ። «የተከበሩ አቶ ፍሬአብ…»

ቀጥሎ የመታወቂያ እድሳት ስለሚጀመርበት ቀን ነበር የሚለው። ግን አንድ ገልባጭ መኪና እያጓራ አለፈ፤ ቢያጓራም ባያጓራም ለውጥ የለውም። በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ሰዓት ስሙ የተጠራ ሰው መጨረሻው ይታወቃል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸከሙ። ከሁሉ ቀድመው የወጡት እንደ ልማዳቸው ጋሽ ዳባ ነበሩ። ድሮ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የማንም ቀብር አምልጧቸው አያውቅም። የድንኳኑን ቋሚ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ኦሎምፒያ፣ የተከበሩት ወደሚኖሩበት አፓርታማ መሩ። ከኋላ አልቃሿ እትዬ የሺሃረግ መንገድ ላይ እያሉ ግጥሙን ጨርሰውት ነበር፦

*ቧንቧ መጣ ብሎ በቻናሉ ነግሮን፣*
*እሱ ቀድሞ ሄደ እኛኑ አስጠምቶን።*

ደረት እየተመታ አፓርታማው በር ላይ ተደረሰ። ዘበኛው ፈርቶ ስልክ ደወለ። «ጌታዬ፣ ሰዎች መጥተዋል፤ ድንኳኑ የት ይተከል እያሉ ነው።» የተከበሩት በፒጃማ፣ የጥርስ ቡርሽ አፋቸው ውስጥ እንዳለ፣ በረንዳቸው ላይ ብቅ አሉ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

ጋሽ ዳባ ቋሚውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ወደ ላይ አንጋጠው፣ «ጌታው፣ አልሞቱም?» አሉ።

«አልሞትኩም!»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው ምን እንበለው?»

ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ሳቁን በጋቢ እያፈነ ተመለሰ። እትዬ የሺሃረግ ብቻ አኩርፈው ነበር፤ ግጥሙ አምሮላቸው ነበራ።

እትዬ ጀማነሽ ነገሩ በዚህ ያበቃል ብለው ነበር። አላበቃም። በዚያ ቀን ወሬው ተዛምቶ በተከበሩት ቻናል ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት ጎረፈ። ከወሎ ሰፈር፣ ከጎፋ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር። ቻናሉ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ተነቦ አያውቅም። ሄኒ ከደስታዋ ብዛት ግቢያችን ድረስ መጥታ እትዬን አቀፈቻቸው። የተከበሩትም፣ እንደነገረችን፣ የሐዘን መግለጫዎቹን አንድ በአንድ ካነበቡ በኋላ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ሕዝቡ እንዲህ ይወደኛል እንዴ?» ብለዋል። ስለዚህ ልፈፋው እንዲቀጥል አዘዙ። አንዲት ማስተካከያ ብቻ አከሉ፤ ከስማቸው በፊት «በሕይወት ያሉት» የሚል ይግባበት።

እኔም ግጥም እሞክራለሁና ቀናሁ። እንዲህ ያለ ማዕረግ ፈልጌ ባመት አላገኘውም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሕይወት ያሉት የተከበሩ አቶ ፍሬአብ የቦይ ክዳን መጎብኘታቸውን ይገልጻሉ!» የውሻ ክትባት። የውኃ ፈረቃ። የተከበሩት በሥልጠና ላይ ስለ ሥልጠና ያደረጉት ንግግር። ሰፈሩ ቃሉን ወደደው። እንዴት አደርክ ሲባል «በሕይወት አለሁ፣ እንደ ተከበሩት» ይላል። የሚኒባስ ረዳቶችም «በሕይወት ያላችሁ፣ ለገሃር!» እያሉ መጣራት ጀመሩ።

እትዬ ጀማነሽ ግን አይስቁም ነበር። ድሮ ሲጣሩ መስኮቶች ሲከፈቱ ይሰሙ ነበር፤ አሁን የሚሰሙት ሲዘጉ ነው። አንድ ጠዋት ከዙር ተመልሰው ዳንቴሉን እያለበሱ፣ «ትናንት ከፎቅ አንዱ ‹አቦ አስተኙን!› አለኝ» አሉኝ። «ተከስተን ይህን ያለው ሰው የለም።»

ከዚያ ጋሽ ዳባ ሞቱ።

ልጅ አልነበራቸውም፤ ሚስታቸው እትዬ ጃለኔ ብቻ ናቸው። እትዬ ጀማነሽ ጎህ ሲቀድ ሜጋፎኑን አንሥተው ወጡ። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሲወጡ ሰምቼ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያውን መንገድ ጨረሱ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጋሽ ዳባ አርፈዋልና…» ከፎቁ አንድ መስኮት ተዘጋ። ሁለተኛውን መንገድ ጨረሱ። አንድ ሰው በፒጃማ ብቅ ብሎ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ጎበኙ?» ብሎ ገባ። የሟቹ ቤት በር ላይ ስንደርስ እትዬ ጃለኔ ብቻቸውን ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ድንኳኑ እንደ ተጠቀለለ ነው። ጋሽ ዳባ ለስንቱ የተሸከሙት ቋሚ፣ ለሳቸው የሚሸከመው ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፏል።

እትዬ ጃለኔ ቀና ብለው፣ «ጀማነሽ፣ አልጠራሽም እንዴ?» አሉ።

የእትዬ ጀማነሽን ፊት አየሁት፤ ዳግም እንዳላይ እመኛለሁ።

አቶ ሃይላይ ዘግይተው መጡ። «በቴሌግራም ልከነዋል። ሰው ሲነሣ ያየዋል። ዘመናዊ መሆን ነው፣ ጀማነሽ።»

«ሃይላይ፣ ዛሬ በዚህ ዘመናዊ አፍህ ዝም በል» አሉና ወደ ግቢያችን ተመለሱ። ሜጋፎኑን ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። አልጋቸው ሥር ገብተው ጥሩምባውን አወጡ፤ ዝጓል፣ አቧራ ለብሷል። በቀሚሳቸው ጫፍ አፉን ጠረጉና መንገድ መሀል ቆመው ነፉ።

አያምርም። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩምባ የታመመ በሬ ድምፅ ነው ያለው። ሆኖም በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት የፀጉሬ ሥር ቆሞ አያውቅም። ያ ነገር ቦይ ጎብኝቶ አያውቅም። መታወቂያ አያድስም። «ተችሏል» ማለት አይችልም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛ ነፉ፣ ሳል ያዛቸው፣ ሦስተኛ ነፉ። ከዚያ በባዶ ድምፃቸው፣ «ዳባ ሞቷል!» አሉ። «የሁላችሁንም የቀበረው ዳባ!»

መስኮቶች ተከፈቱ። ጋቢ ያላገኘ ብርድ ልብስ ጎትቶ ወጣ። ያ «ምን ጎበኙ?» ያለው ሰውዬ አንድ እግሩ ጫማ ሌላው ነጠላ ጫማ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ድንኳኑን ከአንድ ጫፍ አነሣ። ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ ቆሞ፣ እትዬ የሺሃረግ ደረታቸውን ይዘው ለጋሽ ዳባ ይገጥሙ ነበር።

ቀብሩ ላይ የተከበሩት መጡ። ሰዉ ብዙ እንደሆነ ሰምተዋል። ሄኒ ፎቶ አነሣች፤ የተከበሩት ጣታቸውን ወደ መቃብሩ ቀስረው ነበር። ማታ ቻናሉን ከፍቼ አነበብኩት። «የአቶ ዳባን የቀብር ሥነ ሥርዓት በተሳካ ሁኔታ ማከናወን ተችሏል።»

በበነጋው ሄኒ አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ስለ መንገድ ዳር አበቦች። እትዬ ጀማነሽ ወረቀቱን ሳይቀበሉ አዳመጧት፤ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ለተከበሩት ሰላምታ አድርሺልኝ። የሳቸው ቀን ሲደርስ እኔ ራሴ እለፍፍላቸዋለሁ፣ አሳምሬ። እስከዚያ በቴሌግራም ይኑሩ።»

«እትዬ፣ ማለቴ፣ ይሄን እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

«መናገር ተችሏል በያቸው።»

ሄኒ አፏን ይዛ ወጣች። ስትስቅ ይሁን ስትደነግጥ አልለየሁም።

እትዬ ዳንቴሉን ከሜጋፎኑ ላይ አነሡት፤ አራግፈው ጥሩምባውን አለበሱትና ምስማሩ ላይ ሰቀሉ። ራቁቱን የቀረውን ሜጋፎን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፣ የባትሪውን ካርቶን በሌላው እጃቸው ያዙ። ልያዝልዎ ብላቸው እንቢ አሉ።

«ለሃይላይ ላስረክበው ነው። ስብሰባ ይጥራበት።»

«እትዬ፣» አልኩ፤ ብዙ ቀን ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ነው። «አንድ ቀን እርስዎን ማን ይለፍፍልዎታል?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ለመሆኑ ትንፋሽ አለህ?» አሉና ሄዱ።

ሪህ በያዘው ጉልበታቸው እየተንገዳገዱ ከበሩ ወጥተው አዲሱን መንገድ ተሻገሩ። ማዶ ሱቁን የሚከፍት ሰው ሜጋፎኑን ብብታቸው ሥር ሲያይ በእጁ የያዘውን ቁልፍ ጣለው።

«እትዬ ጀማነሽ! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም! ሥራህን ሥራ!» አሉት ሳይቆሙ። ሰውዬው ግን ከጥግ እስኪታጠፉ ድረስ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር።