የአባባ ቶላ ጎመን

ባለፈው እሑድ ከእንጦጦ በብስክሌት ስወርድ፣ የጋለ የፍሬን ጎማ ከረጠበ ባሕር ዛፍ ጋር ተደባልቆ ሸተተኝና የልጅነቷ እኔ ከነተላላጠ ጉልበቷ ፊቴ ድቅን አለች።

ያደግሁት ሲግናል ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነው። አባቴ ለሥራ መጥቶ የነበረ ቡልጋሪያዊ ሐኪም ሲሆን፣ እኔ ገና ዳዴ ሳልል ወደ አገሩ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ የተወልኝ አፍንጫውንና ፀሐይ ሲነካው ቲማቲም የሚመስል ቆዳውን ነው። የሰፈራችን ሕፃናት አፍ የሚፈቱት እኔን "ፈረንጅ" ብለው ይመስለኝ ነበር። ባለሱቁ በእንግሊዝኛ ሊያናግረኝ ይታገላል፤ በአማርኛ ስመልስለት ይባስ ብሎ በእንግሊዝኛው ይገፋበታል። የማርፈው አጎቴ ጋሼ ተፈራ ከሚጠግናቸው ብስክሌቶች አንዱን ይዤ ከጓደኛዬ ከጽጌ ጋር ወደ እንጦጦ ስወጣ ነበር፤ ዳገቱ ላይ የሁሉም ሰው ፊት ይቀላል፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ማንም ለማንም ስም ለማውጣት አይደርስም።

አንድ የክረምት ጧት ቁልቁለቱን ስበር የፍሬኑ ሽቦ ተበጠሰና፣ አባባ ቶላ የሚባሉ ገበሬ በዋዜማው ተክለው የጨረሱትን የጎመን መደብ ከዳር እስከ ዳር አርሼው ቆምኩ። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው በኦሮምኛም በአማርኛም እየተራገሙ ሲመጡ፣ ጽጌ እኔን ለማዳን ቀድማ ፈረንጅ መሆኔን፣ አማርኛ እንደማልሰማ፣ ገና ትናንት ከአውሮፕላን እንደወረድኩ አስረዳቻቸው። እሳቸውም እንግዳ አይነካም ብለው ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ጭራሽ ጭቃዬን እያራገፉልኝ፣ ቤት ገብቼ እርጎ እንድጠጣ በምልክት ይጋብዙኝ ጀመር። ዝም ብል ተርፌ ነበር። ግን እንደዚያ ሲያባብሉኝ ሆዴ ባሰኝ።

"ፈረንጅ አይደለሁም፤ የሲግናል ልጅ ነኝ" አልኳቸው።

ጽጌ ዐይኗን ጨፈነች። አባባ ቶላ ጭቃዬን ማራገፋቸውን ተዉ።

"የሲግናል ልጅ ከሆንሽማ ጎመኔን መልሰሽ ትተክያለሽ" አሉኝ።

ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ስተክል፣ ሥሩን አጣመምሽው፣ እናትሽ ምን አስተማረችሽ፣ እያሉ እንደ ገዛ ልጃቸው ሲነዘንዙኝ ዋሉ፤ እኔ ደግሞ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እርጎውን ጽጌ ጠጣችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር "አንቺ የሲግናል ልጅ፣ ፍሬንሽን አየሽው?" ይሉኝ ነበር።

ዛሬ መደቡ በግንብ ታጥሯል። አባባ ቶላ አርፈዋል፤ ኑሮዋን ካራ ሰፈር ያደረገችው ጽጌም ብስክሌት ሲባል ወገቧን ትይዛለች። እሑድ ዕለት ግንቡ ጋ ስደርስ ወርጄ ጥቂት ቆምኩ። ጥበቃው ብቅ ብሎ በትሕትና እጅ ነሣኝና ተመልሶ ገባ፤ በዚያ ተራራ ላይ አሁን የሚቆጣኝ ሰው የለም።