በአባቴ ክንድ የተለካ ኮርቻ

ሳይክሉን የሰጠኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። በቦንጋ ዙሪያ ካሉ ማር አምራቾች ጋር በሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የንብ ባለሙያ ሆኜ በሙከራ ተቀጥሬ ነበር። ያለን መኪና አንድ ነው፤ እሱም ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ይወዳል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ፊልድ የምወጣው ከሌሎች ጋር ነበር። አንድ ዓርብ ኃላፊዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሰኞ ብቻሽን ነሽ» አለኝ። «ከወንዙ ማዶ ያሉት አናቢዎች አዲሶቹን ቀፎዎች እንድታዪላቸው ይጠብቁሻል። ደርሰሽ ከመጣሽ ቅጥርሽን አጸድቃለሁ። ካልሆነ ግን… መንደር የማይደርስ የንብ ባለሙያ ምን ላደርግበት?»

በክፋት አልተናገረም። ይበልጥ የፈራሁትም ለዚህ ነው፤ በክፉ ሰው ቢያንስ መናደድ ይቻላል።

ሳይክል ጨርሶ አልነዳም ማለት አይደለም። በተከራየሁበት ግቢ ውስጥና ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሜዳው ላይ ተለማምጃለሁ። የምነዳው ግን ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ተቀምጬም ሁለቱም እግሮቼ መሬቱን ሙሉ በሙሉ እንዲረግጡ። ልኩ ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በስልኬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ተረከዝ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ ማለት አለበት፣ በፊተኛው የእግር ክፍል ሲረገጥ ደግሞ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። ማወቄ ግን ምንም አልፈየደልኝም። እግሬ ከመሬት ሲነሳ አሁን ወደቅኩ እላለሁ። ስለዚህ ጉልበቶቼ መሪውን እየገጩ፣ እንደ እንቁራሪት ተሰብስቤ እነዳለሁ።

ባጃጅ ተራ ያሉት ሾፌሮች ይህን አይተው አያልፉም። «እህት፣ እዘያት እንጂ ደከማት እኮ!» ይላል አንዱ። ሌላው ቀበል ያደርግና፣ «ተዋት፣ አየር እያስቀበለቻት ነው» ይላል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ቅዳሜ አባቴ ከሺሺንዳ በኩል ለገበያ መጡና እኔ ጋ አረፉ። አከራዬ ከወሎ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ሴትዮ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አባቴ ገና ውኃ ሳይጠጡ እትዬ ከሱቃቸው ወጥተው ክስ አቀረቡ።

«ልጅዎ ሰኞ በዚህ ብረት ገደል ልትገባልዎ ነው። አባት አይደሉ? ይከልክሏት እንጂ!»

አባቴ ሳይክሉን ዞረው ተመለከቱት። ከዚያ ሳቁ።

«ይቺ ኮርቻ ናት በርጩማ?» አሉኝ። «እግርሽ መሬት ከነካማ ምን ሊሠራልሽ ነው? በእግርሽ አትሄጂም? ኮርቻ ላይ ወጥቶ መሬት የሚፈልግ ሰው አላየሁም።»

«ፈረስ ነፍስ አለው!» አሉ እትዬ። «ገደል ሲያይ ይቆማል። ይሄ ምን ያውቃል?»

በልቤ ከእትዬ ጋር ነበርኩ።

አባቴ ፈረስ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። እኛ ዘንድ ፈረስ የሚጭን ሰው የእርካቡን ጠፍር በክንዱ ይለካል። ጣቱን ጠፍሩ ኮርቻው ላይ ከሚታሰርበት ቦታ ያደርግና እርካቡን ወደ ብብቱ ይስባል፤ ብብቱ ሥር ከገባ ልኩ ነው። አባቴ ይህንኑ ገልብጠው ሠሩት። የሳይክሉን ኮርቻ ብብታቸው ሥር አስገቡ፤ ክንዳቸውን ወደ ታች ዘረጉ፤ የመሃል ጣታቸው ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ብረት እስኪነካ ድረስ ኮርቻውን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረጉት። ብሎኑን በመፍቻ አጠበቁና፣ «በቃ። ክንድ አይዋሽም» አሉ።

እውነት ነው፣ ክንዱ አልዋሸም። ግን የእርሳቸው ክንድ ነበር። አባቴ ረጅም ናቸው፤ እኔ ትከሻቸው ላይ እንኳን አልደርስም። ፈረስ ላይ የሚለካውም የሚጋልበውም ያው አንድ ሰው ስለሆነ ይህ ነገር አልታያቸውም። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ አይቼዋለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ላባቸውን እየጠረጉ፣ በእትዬ ፊት እንዲያ ኮራ ብለው ሳያቸው ተውኩት።

«ጥሩ ነው አባባ» አልኩ። መፍቻውን ግን ማንም ሳያየኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። አባቴ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ሸኙኝ። ኮርቻውን ከኋላ ይዘው፣ «ውጪ፣ ይዤሻለሁ» አሉኝ። ወጣሁ። «ወደ ኋላ አትዪ!» ብለው ለቀቁኝ።

ፔዳሉ ታች ሲደርስ የሚነካው የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነው። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየተንሸራተትኩ ፔዳሉን አሳድዳለሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር መሬቱ ያለልክ ራቀኝ። ቀዩ አፈር በሌሊቱ ዝናብ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ፍሬኑን ብይዝ እንኳ ቆሜ የምረግጠው መሬት እንደሌለኝ ሲገባኝ ጆሮዬ ጮኸ። ሌላ መላ አላገኘሁም፤ መሪውን ወደ መንገዱ ዳር አዞርኩና ሣር ከለበሰው የአፈር ግድግዳ ጋር ተላተምኩ።

ክርኔ ተልጦ ነበር። እዚያው ቁጭ አልኩ። ከጫካው ውስጥ ጉሬዛዎች ያጉረመርማሉ። ከኋላዬ ሰው የለም፤ ከፊቴም ጉም ብቻ። ብመለስ አባቴ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ለኃላፊዬ የምለውም አላጣም፤ መንገዱ አስቸገረኝ እለዋለሁ፤ እሱም «ይገባኛል» ይላል፤ ከዚያ ሥራው የሌላ ሰው ይሆናል።

መፍቻውን አወጣሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ማውረድ ነበር። ተቀመጥኩበት። እግሮቼ መሬት ረገጡ፤ ትንፋሼም ተመለሰ። እንዲህ እንደተቀመጥኩ ቁልቁለቱን አየሁት። መታጠፊያው ጋ ስደርስ መሪውን ላዙር ስል ጉልበቴ ያግደኛል። ሜዳው ላይ ብዙ ጊዜ ያወላገደኝ ይኸው ነው፤ እዚያ ግን ከሣር ሌላ የሚቀበለኝ አልነበረም። እዚህ ከመታጠፊያው በታች ገደል አለ።

ወርጄ ኮርቻውን ብብቴ ሥር አስገባሁ። በራሴ ክንድ ለካሁ። ጣቴ ብረቱን እስኪነካ አንስቼ ብሎኑን አጠበቅኩት። ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወጣሁና ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አደረግኩ። እግሬ ቀጥ አለ። ልኩ ነው። ከዚያ እግሬን ወደ መሬት ሰደድኩት፤ የደረሰው የጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነው። ከሁሉም የከፋው ያን ጊዜ ነበር። እስከዚያ ፍርሃቴን የማሳብብበት ኮርቻ ነበረኝ።

ሁለቱንም ፍሬኖች በትንሽ በትንሹ እየያዝኩ ወረድኩ። ጉልበቴ ነጻ ስለሆነ መሪው ይታዘዘኛል፤ ይህን እያየሁም ልቤ አይቀመጥም። መታጠፊያውን እንዳለፍኩ ጆንያ የተጫኑ ሁለት በቅሎዎች መንገዱን ሞልተው ሲወጡ ተገጣጠምን። ከኋላቸው አንዲት ሴትዮ አርጩሜ ይዘው ይመጣሉ።

«ያዢው! ያዢው! ትደነብርብኛለች!»

ፍሬኑን ያዝኩ። እግሬ በልማዱ ከተቀመጥኩበት መሬት ፍለጋ ሄደ፣ አጣውም። ሳይክሉ ወደ ገደሉ ጎን ዘመም አለ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውነቴ በራሱ ከኮርቻው ወደ ፊት ተንሸራቶ ወረደ፤ አንድ እግሬም ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተተከለ። ቆምኩ። የፊተኛዋ በቅሎ ትንፋሽ እጄን አሞቀው።

ሴትዮዋ በቅሎዋንም እኔንም አዩን።

«እኔ እኮ ለሷ ነበር የሰጋሁት» አሉ። «አንቺ ትብሻለሽ! ወዴት ነሽ በጠዋት?»

«ወንዙ ማዶ። ቀፎ ላይ።»

«በይ ውጪና መንገድ ልቀቂልኝ። እኔ እንዳልይዝልሽ እጄ ላይ በቅሎ አለ።»

እንዲህ ከፍ ያለ ኮርቻ ላይ በሰው ዓይን ፊት፣ የሚይዘኝ ወይም የምደገፈው ሳይኖር ወጥቼ አላውቅም። በቅሎዎቹ ወደ ዳር ሲጠጉልኝ አንዱን ፔዳል ወደ ላይ አመጣሁ፤ ረገጥኩት፤ ተነሳሁና ተቀመጥኩ። ሁለቱም እግሮቼ ከመሬት ተለዩ። ሴትዮዋ ከኋላዬ የሆነ ነገር ብለው ሳቁ፤ አልሰማሁትም። የወንዙ ድምፅ እየቀረበ ነበር።

ማዶ ሦስት አናቢዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሳይክሉን አስደግፌ ሰላም አልኳቸው። የፊት መሸፈኛዬን ሳስር ክሩን ደጋግሜ ብሞክርም መቋጠር አቃተኝ። ከመካከላቸው ሸምገል ያሉት አይተውኝ ለሌሎቹ ጥቅሻ ሰጡ።

«ባለሙያዋ ንብ ትፈራለች እንዴ?»

«ኧረ ንብስ አልፈራም» አልኩና ወደ ቀፎው ሄድኩ።