በፊት የቱ ጋ ነው?

አባቴ ገብረመድህን ያሳደገኝ ናይሮቢ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እየሸጠ ነው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ኪሌሌሽዋ ሰፈር በተከራየናት ቤት ውስጥ ይውል ጀመር። ማለዳ ተነስቶ ይላጫል፣ ጫማውን ይወለውላል፤ ከዚያ የሚሄድበት የለውም። በልጁ ደመወዝ መኖር እንደከበደው አፍ አውጥቶ አልነገረኝም። እራት ሳቀርብ ግን «በልቻለሁ» ማለት አበዛ።

በአውሮፓውያኑ 2004 ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ያለ አንድ የአየር ጭነት ድርጅት አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ፈለገ። ኃላፊው አብዱልፈታ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነበር። ጭነቱ የት እንደደረሰ የሚታየው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ሥራውን የሚፈልግ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይፈተናል። አባቴ ደግሞ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳይበር ካፌ ወሰድኩት። ማውሱን ቶሎ ለመደው፤ በሁለት ጣትም ቢሆን መጻፉን ቻለ። ያስቸገሩን ከላይ በስተግራ ያሉት ሁለት ቀስቶች ነበሩ፦ ወዳለፈው ገጽ የሚመልሰውና ወደሚቀጥለው የሚወስደው።

«አባዬ፣ በፊት ወዳየኸው ገጽ ሂድ» አልኩት።

ወደ ቀኝ የሚያመለክተውን ተጫነ።

«ኖ፣ ኖ፣ ባክ።»

«በፊት አላልሽም? ይኸው ወደ ፊት ሄድኩልሽ።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ በኋላ የመጣውን ገጽ አሳየኝ።»

የግራውን ተጫነ።

«አቢግያ» አለኝ ዞር ብሎ፣ «በእንግሊዝኛ አስተምሬሽ አማርኛው ጠፋብሽ።»

እውነቱን ነው። እኛ ያለፈውን በፊት፣ የሚከተለውን በኋላ እንላለን፤ ማሽኑ ያለፈውን ኋላ አስቀምጦታል። እሱ ቃሌን አምኖ ነው የተሳሳተው።

የናይሮቢ ሚኒባሶች ትዝ አሉኝና፣ «ማታቱ ውስጥ ረዳቱ ወደ ፊት ሲገፋህ በስዋሂሊ ምን ይልሃል?» አልኩት።

«ሶንጋ ምቤሌ።»

«ወደ ኋላ ሲመልስህስ?»

«ሩዲ ኙማ። ትከሻዬን እየጎተተ።»

«በቃ። ግራው ሩዲ፣ ቀኙ ሶንጋ። የእኔን አማርኛ እርሳው።»

ካፌው እስኪዘጋ ከወንበሩ አልነሳም አለ።

የፈተናው ቀን አብሬው ሄጄ ከቢሮው ውጭ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነበር። አባቴ አንዱን ጭነት አገኘ፣ ሌላውንም አገኘ። ከዚያ አብዱልፈታ፣ «ጋሼ፣ እስቲ በፊት ያዩትን ያሳዩኝ» አለው።

የአባቴ እጅ ማውሱ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ሩዲ» አለና ግራውን ተጫነ። ገጹ መጣ።

«ምን አሉ ጋሼ? ማታቱ ላይ ነን እንዴ?»

«አዎ። ሾፌሩ እኔ ነኝ፤ አንተ ቦታህን ያዝ።»

አብዱልፈታ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት፣ «ሰኞ ይጀምሩ» አለው።

ዛሬ አባቴ የለም። ፊቱን ሳስብ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ የዚያን ቀኑ ነው። በማታቱ ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቡ ለተቀመጠች ሴት፣ ሳትጠይቀው፣ በተሰባበረ ስዋሂሊው፣ «እኔ የምሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው» አላት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችውና በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። ገና ሰኞ አልደረሰም ብዬ አላረምኩትም።