ሊካሳ ያልደወለው ስልክ

ሙስጠፋ ከሃያ ዓመት በላይ ፌሮ ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የስንቱን ፎቅ ብረት እንዳሰረ ራሱም አያውቀውም። ወሎ ሰፈር ሚስቱ ዙህራና ሦስት ሴት ልጆች አሉት። ሥራ ላይ ድምፁ አይሰማም፤ ከሰው አይጋጭም።

ባለፈው ዓመት የገባበት ሳይት ፎርማኑ ኪዱ ይባላል። ሥራውን ያውቃል፤ አፉ ግን አይጣል ነው። በተለይ ሲሚንቶ የምታቀብለውን የቀን ሠራተኛ፣ ሀብትነሽን፣ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷት ነበር። አንድ ቀን ያለ ደህንነት ቀበቶ ስድስተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ ወጥታ እንጨት እንድትነቅል አዘዛት። ዓምዱን ሙጭጭ ብላ ስትይዝ ከታች ሆኖ ሳቀባት። "ተው እንጂ፣ ትወድቃለች" ያለው ሊካሳ የሚባለው አናጢ ብቻ ነበር።

የሳይቱ በር ላይ ድርጅቱ የለጠፈው ወረቀት አለ፤ በደል ያየ ሰው ስሙን ሳይናገር የሚጠቁምበት ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ሙስጠፋ ቁጥሩን ያዘና ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ደወለ።

"ስምዎን አልጠይቅዎትም" አለችው ያነሳችው ሴት። "ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።"

ሁሉንም ነገራት። ስልኩን ሲዘጋ ቀለል አለው።

ሰኞ ጠዋት፣ ጥቆማው ጆሮው የደረሰው ኪዱ ሠራተኛውን ሰበሰበ።

"እዚህ መሃል ስልክ መደወል የሚወድ ሰው አለ። ሊካሳ፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ።"

"እኔ አልደወልኩም።"

"ከአንተ ሌላ ማን አፍ አለው?"

ሊካሳ ዞር ብሎ ሰዉን አየ። ሙስጠፋ ፒንሳውን እንደያዘ አጎነበሰ። "እኔ ነኝ" ቢል ይበቃ ነበር። ልጆቹ ትዝ አሉት፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ሊካሳ መጋዙንና መዶሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዋናው ቢሮ መጥተው ነገሩን አጣሩና ኪዱ ከሥራው ተነሳ። ምሳ ሰዓት ላይ ሀብትነሽ "ሊካሳን እግዜር ይስጠው፤ ለኔ ብሎ ከሥራው ተባረረ" ስትል ሙስጠፋ ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ። ያን ዕለት ወደዚያው ቁጥር ደውሎ ሰውየው ያለ ጥፋቱ እንደተባረረ ተናገረ። ይመለስ ተባለ፤ የሊካሳ ስልክ ግን አይሠራም።

ሁለት ወር ሲያፈላልገው ቆይቶ ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በር ሲገጥም አገኘው።

"የደወልኩት እኔ ነበርኩ" አለው።

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ሙስጠፋ። ያን ጠዋት ሁሉም ሲያየኝ እርስዎ ብቻ አንገትዎን ደፉ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ምን ልበል? እርስዎን ላስባርር?" ሊካሳ ብሎን አነሳ። "መደወልዎ ደግ ነው። እኔ እንኳ ፈርቼ ትቼዋለሁ። ግን ያን ቀን ቀና ብለው ቢያዩኝ ጥሩ ነበር።"

ሙስጠፋ መንገድ ላይ ያዘጋጀውን ይቅርታ ትቶ የቀድሞ ሥራው እንደሚጠብቀው ነገረው። ሊካሳ እዚሁ እንደሚቀጥል ተናግሮ ወደ በሩ ዞረ።

ቤት ሲደርስ ዙህራ ለምን እንደቆየ ጠየቀችው። "ታክሲ ጠፋ" አላት። ጫማውን አወለቀና አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት።