የታኮ ያዥዋ ወንበር

በእኛ ቆላ ፍሬኑ የደከመ መኪና ያለው ሰው ፍሬኑን ከማሠራት ይልቅ ታኮውን ያሳምራል። ታኮ ቁልቁለት ላይ ጎማ ስር የሚወረወር የእንጨት ጉማጅ ነው። የእኛን ታኮ ከጠንካራ የክርክራ እንጨት የጠረቡት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ናቸው፤ መያዙ ግን የሚስት ሥራ ነው። እኔ መተማ ዮሐንስ አስተማሪ ነኝ፤ ያኔ ሰኞ ሒሳብ አስተምር፣ ቅዳሜ ከምትንከባለል ላንድሮቨር ዘልዬ ታኮ እወረውር ነበር። ወይ ጉድ!

መኪናዋን አማቴ በጎልማሳነታቸው ከሱዳኗ ገላባት የገዟት ናት። ዛሬ ባለቤቴ ሰሊጥ የሚዘራበትን መሬት ያቀኑት በእሷ እየተመላለሱ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ታዲያ፣ ከእርሻው በላይ ባለው ቁልቁለት ስዘል ታኮዋ ተንሸራተተችብኝ። መኪናዋ ቁልቁል ሄዳ ሄዳ የቆመችው ከታች ያለው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ገብታ ነው። «ኸላስ! በቃኝ!» አልኩ። «ወይ መቆም ትማራለች፣ ወይ ትሸጣለች። እኔ ሆዴን ይዤ ሁለተኛ አልዘልም!»

ባለቤቴ አካፋ አንስቶ አሸዋውን መዛቅ ጀመረ። አማቴ ግን ቤት ስንደርስ፣ «እውነትሽን ነው ልጄ፣ ትሸጥ። እኔ ግን የሰው መኪና ለምኜ እርሻዬን ለማየት አልሄድም፤ የዘንድሮውን አጨዳ ሳላይ ይለፈኝ» አሉ። እልኸኛ ናቸው፤ እኔም አላንስ። ገዥ ተገኝቶ እሁድ ሊወስዳት ተቀጣጠሩ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው እየወጡ በር ላይ የቆመችውን መኪና ሲዳብሱ እያየሁ አንጀቴ አልቻለም። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴን «ተነስ፣ ጎማውን ፍታ» አልኩት።

«ምኑን ልፍታ? ሁሉም አዲስ ነው እኮ!» አለ እየተነጫነጨ። አልዋሸም፤ ካረገዝኩ ወዲህ ሁሉን አሠርቶታል። የፍሬን ዘይቱ ተቀይሯል፣ አየሩ ወጥቷል፣ ታምቡሩ ጎንደር ተወስዶ በብረት መላጊያው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ተልጓል፣ ሸራውም አዲስ ነው። ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት ነው፤ ሸራው ከውስጥ ገፍቶ ሲይዘው መኪናው ይቆማል። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የማይዘው?

እያጉረመረመ ፈታው፤ ሸራውን ተቀብዬ አገላበጥኩት። መሀሉ ያብለጨልጫል፤ ዳርና ዳሩ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው።

«ይኼ ታምቡሩን በደንብ አይነካም» አልኩ።

«ደግሞ መካኒክ ሆንሽልኝ?»

 ከቦርሳዬ ጠመኔ አወጣሁና የታምቡሩን ውስጥ ለቅልቄ «ግጠመው» አልኩት። ገጠመው፣ ፍሬን አስረገጠኝ፣ አዞረው፣ መልሶ ፈታው። ነጩ የሸራው መሀል ላይ ብቻ ነው! ቶርኖው ታምቡሩን አስፍቶታል፤ ሸራው ደግሞ የተሠራው ለጠባቡ ነው። አዲስ መጅ በአሮጌ ወፍጮ ላይ ማለት ነው፤ እስኪላመዱ አይፈጩም። ባለቤቴ ጭንቅላቱን አከከና ሞረድ ሊያመጣ ሄደ።

ከዚያማ አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን ሥራ ሆነ። እሱ የሸራውን መሀል በሞረድ ይፍቃል፣ እኔ ጠመኔ እቀባለሁ፤ ይገጥማል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይሞርዳል። የመተማ ሙቀት መቼም የታወቀ ነው፤ ላባችን ኩሬ ሠራ። አማቴ ከጥላው ስር «ገና ነው?» ይላሉ።

«ገና ነው አባባ፣ ትንሽ ይታገሡን።»

ነጩ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ሰፋ። ሸራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲነጣ ባለቤቴ ከፍ አድርጎ ይዞ «የኔ አስተማሪ!» ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤት ሁሉ ዞሮ አየን። ምን እደብቃለሁ፣ ኮራሁ! አራቱንም ጎማ እንዲሁ አድርገን፣ ጠመኔውን ጠርገን ስንጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

እሁድ ማለዳ፣ ገዥው ሳይመጣ፣ ወደ እርሻው ወረድን። ባለቤቴ መሪው ላይ፣ አማቴ መሀል፣ እኔ በሩ ጋ። ሜዳው ላይ ሞክረናት ቀጥ ብላለች፤ ሜዳ ግን ማንንም አያስፈራም። ቁልቁለቱ አናት ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ማርሽ ቀነሰ። ወረድን፤ ባለቤቴ ረገጠ። እኔ ከልማዴ በሩን ከፍቼ፣ ታኮዬን ይዤ፣ አንድ እግሬን አውጥቻለሁ።

መኪናዋ ቆማለች። ቁልቁለቱ መሀል፣ ቀጥ ብላ!

«እግርሽን አስገቢ፣ ልጄ» አሉ አማቴ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ያ ሰው ሲመጣ፣ አትሸጥም በለው» አሉት።

ከዚያ ታኮዋን ከእጄ ወስደው አገላበጧት። ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ባለቤታቸው፣ የባለቤቴ እናት፣ ነበሩ፤ እስኪሞቱ ድረስ ታኮዋን ሳይዙ ወደ እርሻው ወርደው አያውቁም። ሽማግሌው ታኮዋን እግራቸው ስር አኖሯትና ወንዙን እያዩ፣

«እሷ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተቀምጣ አልወረደችም» አሉ።